የዓርብ ፎቶ

ሻሂናዝ የድመቷን ማስታወቂያ ስትጽፍ አልቅሳለች። ይህን የሚያውቀው አንድ ሰው ሁለት ሰው አይደለም፤ ማልቀሷንም ስለጻፈችው የኢንተርኔት ገጿን የሚከታተለው አሥራ ሁለት ሺህ ሰው ያውቀዋል። «ሳክታ ትዕግሥተኛ ቤት ትፈልጋለች» ይላል ጽሑፉ። «አትታቀፍም፣ አትዳሰስም፣ ምናልባት ለስድስት ወር ፊቷን አታሳያችሁም። ስድስት ወር መጠበቅ የማይችል ሰው እባካችሁ አይደውልልኝ። ነፍስ ናት እንጂ የሶፋ ጌጥ አይደለችም።» ከሥሩ ሰዉ ልብ በልብ አደረገው።

ሳክታ ማለት በዐረብኛ ዝምተኛዋ ማለት ነው። ሻሂናዝ ያገኘቻት እስክንድርያ፣ ሲዲ ቢሽር ሰፈር፣ ከቤቷ ሥር የቆመ ሚኒባስ ሞተር ውስጥ ተወሽቃ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ ቀበቶው የግራ ጆሮዋን እኩሌታ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ድመቷ ድምፅ አሰምታ አታውቅም። አምስት ወር ሙሉ በሻሂናዝ መታጠቢያ ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጀርባ ኖረች። የምትበላው በሩ ሲዘጋ ብቻ ነው። ሻሂናዝ ሌሎች አሥራ ስድስት ድመቶች አሏት፤ አሥራ ስድስቱም ከእግሯ ሥር አይጠፉም፣ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ተራ ይጠብቃሉ። ይህቺ አንዷ ግን በአምስት ወር ውስጥ ከዓይኖቿ በቀር ሌላ ነገር አሳይታት አታውቅም። አገር ምድሩ «የድመቶች እናት» እያለ የሚጠራት ሴት ስለሆነች ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን ይበላት ነበር። ቤት ፍለጋው ለድመቷ ሲባል ብቻ ነው የሚል ካለ፣ ሻሂናዝን አያውቃትም ማለት ነው።

ብዙ ሰው ደወለ። አንዱ አይጥ ትይዛለች ወይ አለ። አንዷ ሙሽራ ደግሞ የድመቷ ፀጉር ከመጋረጃዋ ቀለም ጋር ይሄድ እንደሆነ ጠየቀች። ሻሂናዝ ለሁሉም የሚገባቸውን መልስ ሰጥታ፣ የሰጠችውንም ገጹ ላይ አስነብባ፣ ደከማት። በሦስተኛው ሳምንት ኡስታ በስዮኒ መጡ። አልደወሉም፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትንንሽ ዓሣ ይዘው፣ ደረጃውን እያረፉ ወጥተው በሩን አንኳኩ።

ኡስታ በስዮኒ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሚስታቸው ከሞተች አራት ዓመት አልፏል፤ ባኮስ ሰፈር ብቻቸውን ይኖራሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የእስክንድርያን ትራም ነድተዋል፤ ኡስታ የሚባሉትም ለዚሁ ነው። የእስክንድርያ ትራም ምን ዓይነት እንደሆነ የተሳፈረ ያውቀዋል፤ ሰው ወርዶ ሲጋራ ገዝቶ መልሶ የሚይዘው ትራም ነው። ሻሂናዝ ይህን ስትሰማ ከልቧ ሳቀች፤ ትዕግሥት አለዎት ወይ ብላ መጠየቁም አሳፈራት። ቢሆንም ጠየቀች።

«ሲት ሻሂናዝ» አሉ ኡስታ በስዮኒ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከኋላዬ ሰው ‹ፍጠን› ሲለኝ ነው የኖርኩት። አንድም ቀን ፈጥኜ አላውቅም።»

ሻሂናዝ ወረቀቱን አወጣች። የእሷ ወረቀት ሦስት ገጽ ነው፤ የቤት ኪራይ ውልም እንዲህ አይከብድም። የመታወቂያ ቅጂ ይያያዛል፣ መስኮት ሁሉ ሽቦ ይለብሳል፣ ድመቷ ለሌላ ሰው አትሰጥም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በየሳምንቱ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በፊት፣ ለገጹ የድመቷ ፎቶ ይላካል። ሦስት ዓርብ ያለ ፎቶ ካለፈ ሻሂናዝ ድመቷን የመውሰድ መብት አላት። ይህን አንቀጽ ያወጣችው አንድ ጊዜ የሰጠችው ድመት ጎዳና ላይ ተጥሎ ስላገኘችው ነው፤ ምክንያት የላትም አይባልም። ኡስታ በስዮኒ መነጽራቸውን አድርገው ሦስቱንም ገጽ አነበቡ፣ ፈረሙ፣ ሳክታን በካርቶን ሣጥን ይዘው በትራም ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የመጀመሪያው ዓርብ ፎቶ ጥቁር ነበር። ከብዙ ማየት በኋላ የቁም ሣጥን ሥር መሆኑ ይታወቃል፤ በጨለማው መሐል ሁለት አረንጓዴ ነጥቦች አሉ። ገጹ ላይ ሰው ተሳሳቀ። በሁለተኛው ዓርብ የመጣው ባዶ ሳህን ነው፤ ኡስታ በስዮኒ ከሥሩ «በልታለች» ብለው ጽፈዋል። አንዱ ቀልደኛ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ቁም ሣጥን ማሳደግ ጀመሩ» ብሎ መለሰላቸው። ሻሂናዝ ይህን መደምሰስ ትችል ነበር፤ አልደመሰሰችውም፤ እሷም ስቃለች።

ከዚያ በኋላ ፎቶ ቀረ። ኡስታ በስዮኒ ደውለው ነገሩን አስረዷት። የመጀመሪያውን ፎቶ ሲያነሱ የስልኩ መብራት ቦግ ብሎ ድመቷን አስደንብሯት ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ስለዚህ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተውታል። አሁን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወለሉ ላይ ትራስ አንጥፈው፣ ጀርባቸውን ለቁም ሣጥኑ ሰጥተው ይቀመጣሉ። ፊት አትወድም፤ ድምፅ ግን አትጠላም። የሚያወሩት ሲያልቅባቸው የትራም ፌርማታዎችን በየተራ ይጠሩላታል። መጀመሪያ ከቁም ሣጥኑ የኋላ ጥግ ሆና ትሰማ ነበር፤ አሁን ወደ መሐል መጥታለች። ፎቶውን በስድስት ወሩ መጨረሻ ብልክልዎት ምን ይመስልዎታል አሉ።

ሻሂናዝ ጥሩ ነው አለች። ስልኩን እስክትዘጋ ድረስ ጥሩም መስሏት ነበር። ነገር ግን ዓርብ ደረሰ፣ ሰው ጠየቀ። የሚቀጥለው ዓርብ አብዝቶ ጠየቀ። የትራም ፌርማታ እየተጠራላት ነው ብትላቸው መሳቂያ መሆኗ ነው። አንዷ ሸጠዋት ይሆናል አለች፣ ሌላዋ ለአስማት ፈልገዋት ነው አለች፤ አንዱ ደግሞ ሻሂናዝ ድመት የምትሰጠው ለማንም አላፊ አግዳሚ ነው ብሎ ጻፈ። ይኼኛው አንጀቷን ቆረጠው። ስለ ድመቷ የተባለውን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለችው ሴት፣ ስለ ራሷ አንድ መስመር ሲጻፍ መቀመጫ አጣች። በሦስተኛው ዓርብ የኡስታ በስዮኒን ስም ከነሰፈራቸው አወጣችው፤ «ሳክታ የት አለች?» ብላም ጠየቀች።

ባኮስ ትንሽ ሰፈር ነው። በማግስቱ ኡስታ በስዮኒ ዳቦ ሊገዙ ወረፋ ቢቆሙ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ያመላለሱት ሰው ከኋላቸው ሆኖ ሥጋዋ እንዴት ነበር፣ ከበግ ይሻላል ወይ አላቸው። ሰልፉ ሳቀ። ዳቦውን ሳይገዙ ተመለሱ። ማታውኑ ከገጹ ታገዱ፤ ያገደቻቸው ሻሂናዝ ናት፤ ራሳቸውን እንዲከላከሉ ዕድል ብትሰጣቸው ነገሩ ይረዝምባት ነበር።

እሑድ ጠዋት ሻሂናዝ የድመት ማጓጓዣ ሣጥን፣ አንድ ወፍራም ፎጣና በደንብ የተሞላ ስልክ ይዛ ባኮስ ወረደች። ገና ከደረጃው ጀምራ በቀጥታ ታስተላልፍ ነበር። «ነፍስ ልናድን ነው የምንወጣው» አለች ለስልኩ እያለከለከች። ሰባት መቶ ሰው ይመለከታል።

ኡስታ በስዮኒ በሩን ከፍተው ስልኩን ሲያዩ የፒጃማቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉ። እንድትቀመጥ ጋበዟት፤ ሻይ አልጠጣም አለች፤ ይህንንም ሰባት መቶ ሰው ሰማ። በእኛ አገር የሰው ሻይ አልጠጣም ብሎ መቆም ፊት ላይ መትፋት ነው ማለት ይቻላል። ሽማግሌው እንዳልሰሙ ሆኑ። መስኮቶቹ ሁሉ ሽቦ ለብሰዋል፤ ሥራው የእጃቸው እንደሆነ ያስታውቃል፤ አንድ ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ የለውም። ሻሂናዝ ስልኩን ወደዚያ አላዞረችውም።

«ድመቷ የት አለች?» አለች።

«ቁም ሣጥኑ ሥር ናት። ደህና ናት። ትናንት ጀርባዬን ነካችኝ።»

«ነካችኝ ማለት?»

«በእግሯ። እዚህ ጋ።» እጃቸውን ወደ ኋላ አዙረው ቦታውን ሊያሳዩ ሞከሩ፤ አልደረሰላቸውም። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሹትስ ፌርማታ ላይ ስደርስ።»

«ፎቶ አለዎት?»

«ሲት ሻሂናዝ፣ ፎቶ ላነሳ ብዞር ኖሮ ትሄድ ነበር እኮ።»

ሻሂናዝ ይህ እውነት መሆኑን ዐወቀች። ሃያ ሁለት ዓመት ከድመት ጋር ኖራለች፤ እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ፈጥሮ ሊያወራው እንደማይችል አይጠፋትም። ተንበርክካ በስልኩ መብራት ወደ ቁም ሣጥኑ ሥር አየች። ድመቷ አለች። ደረቷ ሞልቷል፣ ፀጉሯ ያብለጨልጫል፣ ከሥሯ የተጣጠፈ የሱፍ ሻርፕ አለ፤ የሟች ሚስታቸው መሆን አለበት። ያን ጊዜ ተነሥታ «ሳክታ ደህና ናት፣ ተሳስቼ ነው፣ ኡስታ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብትል ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃ ነበር። ነገር ግን ስልኩ ላይ ሰዉ «ተመስገን በሕይወት አለች፣ አውጪያት፣ አውጪያት» እያለ ይጽፋል። ነፍስ ላድን ነው ብሎ የወጣ ሰው ባዶ ሣጥን ይዞ እንዴት ይወርዳል? ምን ይሉኛል የሚባለው ነገር ይዟት ቆመ።

«የአንድ ወር ጊዜ ይስጡኝ» አሉ ኡስታ በስዮኒ። «አንድ ወር ብቻ። ከዚያ ፎቶም ቢሆን ትነሣለች።»

«ውል ውል ነው ኡስታ። ፈርመዋል።»

«ስድስት ወር ብለው የጻፉት እርስዎ አይደሉም እንዴ? እኔ እሱን አንብቤ እኮ ነው የመጣሁት።»

ሻሂናዝ ስልኩን ከሻይ ብርጭቆው ጋር አስደግፋ አቆመችው፤ ሻይው ተቀድቶ ነበርና። የመጥረጊያ እንጨት አንሥታ ከቁም ሣጥኑ ሥር ሰደደች። ድመቷ ወደ ግድግዳው ተጣበቀች። እንጨቱ ሁለት ጊዜ ጎኗን አገኛት፤ ድምፅ አላሰማችም። ሻሂናዝ እየላባት የሕንፃውን ዘበኛ ልጥራና ቁም ሣጥኑን እናንሣው አለች። ቁም ሣጥኑ የሠርጋቸው ነው፤ አንድ እግሩ ተሰብሮ በጡብ ቆሟል፤ ከተገፋ ከሥሩ ባለው ሁሉ ላይ ይወድቃል።

ኡስታ በስዮኒ ጡቡን አዩት። ሻሂናዝንም አዩዋት።

«ይቆዩ» አሉ። «እኔ ልጥራት። ቢያንስ ሳትጎዳ ትውጣ።»

ግድግዳውን ይዘው ወለሉ ላይ ተቀመጡ፣ ጀርባቸውንም ለቁም ሣጥኑ ሰጡ። ሻሂናዝ ከጎን በኩል ፎጣውን ይዛ ቆመች። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። «ፍሌሚንግ» አሉ፤ ቆዩ። «ባኮስ።» ድምፃቸው ወትሮ እንደሚሆነው እንዲሆን ሲታገሉ ያስታውቃል። «ሳፋር።» ከዚያ ረጅም ጊዜ ምንም አልተንቀሳቀሰም። «ሹትስ» ሲሉ አፍንጫ ወጣ። «ጃናክሊስ» ሲሉ የተቆረጠው ጆሮ ወጣ፤ ተከትሎ ነጭ ደረት፣ ከዚያም ሙሉ ድመት፣ አመድማ፣ ጅራቷን ዝቅ ያደረገች፣ ወደ እሳቸው ጀርባ በሆዷ እየተሳበች መጣች። ሻሂናዝ ሳክታን በፈቃዷ ወጥታ ሙሉዋን ስታያት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ድመቷ የፊት እግሯን አነሣችና የሽማግሌው ፒጃማ ላይ አሳረፈችው።

ሻሂናዝ ፎጣውን ጣለችባት።

ዝምተኛዋ ያን ቀን ጮኸች። የጩኸቷ ዓይነት የስልኩ ተመልካቾች ራሳቸው ልብ መላክ እስኪያቆሙ ያደረገ ነበር፤ ሸናች፣ የሻሂናዝን አውራ ጣት እስከ አጥንቱ ነከሰች፣ በመጨረሻ ሣጥኑ ውስጥ ገብታ ተቆለፈባት። ኡስታ በስዮኒ ዞረው አላዩም። እንደ ተቀመጡ ቀሩ። ሻሂናዝ በሩ ጋ ስትደርስ ግን ተነሥተው ሻርፑን ከቁም ሣጥኑ ሥር ጎትተው ይዘውላት መጡ፤ ሽታዋን ስለለመደችው አብሯት ይሁን አሉ። ሻሂናዝ እጄ ሞልቷል አለች። በአንድ እጇ ሣጥኑን፣ በሌላው ስልኩን ይዛ ነበር።

የዚያን ቀን ቪዲዮ ያህል ገጹ ላይ የታየ የለም። የሻሂናዝ የተነከሰ ጣት ብቻውን ሁለት ሺህ ልብ አገኘ። ሳክታን እፈልጋለሁ የሚለው ሰው ስለበዛ ምርጫው አስቸገረ፤ በመጨረሻ ሪሃም ተመረጠች። ሪሃም ስሙሐ ሰፈር ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ ባሏ ባሕረ ሰላጤው አገር የሚሠራ፣ ሰው የምታከብር ወጣት ናት። ሻሂናዝን ታንት፣ አክስቴ ማለቷ ነው፣ ትላታለች። የበረንዳዋን ሽቦ ፎቶ ሳትጠየቅ ላከች፤ ፎቶው እጅግ ጥራት ስለነበረው ሻሂናዝ ሄጄ ልየው አላለችም።

ዓርብ ሳይዛነፍ ፎቶው መጣ፤ ሳክታ ሣጥኗ ውስጥ ሆና ዓይኗን አፍጥጣለች። በሁለተኛው ዓርብ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ጀርባ መጣ። በሦስተኛው ዓርብ ሳክታ ሮዝ ትራስ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ሆዷን ሰጥታ፣ አንገቷ ላይ ሪባን ታስሮላት መጣች። ገጹ በደስታ ቀለጠ። ፍቅር ማለት ይህ ነው ተባለ። የትራሙ ሽማግሌ ከወር በላይ ያቃተውን ማማ ሪሃም በሦስት ሳምንት አደረገችው ተባለ፤ ለሻሂናዝም ዕድሜ ተመኙላት።

ሻሂናዝ ፎቶውን በሁለት ጣቷ አሰፋችው። የአውራ ጣቷ ቁስል ገና አልደረቀም። ደረቱ ነጭ ነው፣ ፀጉሩ አመድማ ነው። ጆሮዎቹ ግን ሁለት ናቸው። ጥላ ይሆናል ብላ እንደገና አሰፋችው። ሁለት ሙሉ ጆሮ።

ደወለች። ሪሃም በመጀመሪያው ጥሪ አነሣች።

«ታንትዬ፣ አየሽው አይደል? እንዴት ታምራለች!»

«ጆሮዋ» አለች ሻሂናዝ።

ሪሃም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅ እንደምታባብል ሰው፣ ነገሩን ነገረቻት። ድመቷ በገባች በሁለተኛው ቀን ሠራተኛዋ የበረንዳውን በር ከፍታው ነበር። በጨርቅ መወልወያው ልታስወጣት ስትል ከሶፋው ሥር ወጥታ ቀጥታ በበረንዳው ወደ ታች ሄደች። ሽቦው የእኅቷ ቤት ሽቦ ነው፤ የሷ ገና ሊሠራ ነበር። የሁለተኛው ዓርብ ጀርባም በምትኳ ያመጣቻት የዚችኛዋ ድመት ነው።

«ልነግርሽ ነበር እኮ ታንትዬ፤ ግን ሰው ሁሉ እንደዚያ ደስ ብሎት፣ አንቺም ጣትሽ ቆስሎ፣ አንጀቴ አልቻለም። ይቺኛዋ ደግሞ በጣም ጎበዝ ናት፣ ካሜራ ትወዳለች። ካልሽ ግን እጽፈዋለሁ። ልጻፈው?»

ሻሂናዝ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ከማሽኑ ጀርባ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ለድመቷ ልታለቅስላት ፈለገች፤ ዕንባው ግን የሚያየው ሰው ሲጠፋ መምጣት እምቢ አለ። ስለዚህ ስለ ገጹ አሰበች፣ ስለ አሥራ ሁለት ሺሁ ሰው አሰበች፣ የአሥራ ስድስቱን ምግብ የሚልከው ማን እንደሆነ አሰበች፤ ሰው ሲፈልግ ምክንያት አያጣም።

«አትጻፊ» አለች።

ስልኩን ዘግታ ሳታስቀምጠው ጠራ። ኡስታ በስዮኒ ናቸው። ከገጹ ስለታገዱ ፎቶውን ማየት አይችሉም፤ ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ከሶላት ሲመለሱ ይደውላሉ። እስከ ዛሬ ደህና ናት ብላ ቶሎ ታሰናብታቸው ነበር።

«ሲት ሻሂናዝ፣ እንዴት ዋሉ? እንዳላስቸግርዎት፣ አንድ ነገር ብቻ ነው። ወጣች ወይ?»

«ወጥታለች» አለች ሻሂናዝ። «ጭን ላይ ትቀመጣለች። ሆዷን ታስዳስሳለች።»

«ሆዷን?»

«አዎ።»

ሻሂናዝ የሽማግሌውን ትንፋሽ ትሰማለች። አሁን እንኳ መናገር ይቻል ነበር፤ ስልኩ ላይ ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ሌላ የሚሰማ የለም።

«በሦስት ሳምንት» አሉ ኡስታ በስዮኒ በመጨረሻ። «እኔ እኮ ከወር በላይ ቆይቼ ነበር። እንግዲያውስ ችግሩ ከእኔ ነበር ማለት ነው። እኔን ነበር የፈራችው።»

«አዎ ኡስታ» አለች ሻሂናዝ። «እርስዎን ነበር።»

«እንኳን ወሰዷት» አሉ ኡስታ በስዮኒ፤ አላህ ይስጥልኝ ብለውም ስልኩን ዘጉ።